የ12ኛ ክፍል ፈተና ያላለፉ ወጣቶችን በተለማማጅነት እንዲቀበሉ አሠሪዎችን በምን ማሳመን ይቻላል?

ጥያቄ (የአውቶሞቲቭ አሠልጣኝ፣ ሐዋሳ)

በአንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ የአውቶሞቲቭ አሠልጣኝ ስሆን፣ ሠልጣኞችን ከድርጅቶች ጋር የማገናኘቱ ሥራም የእኔ ኃላፊነት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። ከቀሩት መካከል ወደ እኛ የሚመጡት የሥልጠናቸውን 70 በመቶ በተግባር እንዲያሳልፉ ይጠበቃል፤ ይህ ደግሞ ያለ አሠሪዎች ፈቃድ የማይሆን ነገር ነው። የትብብር ደብዳቤ ይዤ ስሄድ አብዛኞቹ የጋራዥ ባለቤቶች በአክብሮት ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ እሺ ያሉትም ቢሆኑ ልጆቹን መኪና በማሳጠብና በመላላክ ጊዜውን ያስጨርሷቸዋል። አሠሪ የሆናችሁ ወይም ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ፣ አንድን ባለቤት በእውነት የሚያሳምነው ምን እንደ ሆነ ብትነግሩኝ እጅግ ይጠቅመኛል።

መልስ (የጋራዥ ባለቤት፣ አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከሚያስቀምጡት አንዱ ስለ ነበርኩ ምክንያቱን በግልጽ ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኮሌጅ አምስት ልጆችን በአንድ ጊዜ ለሁለት ወር ላከልኝ። ከእነርሱ አንዱ የሞተር ዘይት ከቀየረ በኋላ የማፍሰሻውን ቡሎን ሳያጠብቅ ተወው፤ ደንበኛዬ መንገድ ላይ ቀረ፤ ሞተሩን ያሠራሁትም ከኪሴ ነው። በጊዜው በልጁ ተቆጣሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ሥራውን የሚያይለት ሰው ያልመደብሁት እኔ ነበርኩ። አምስት ልጆችን የሚከታተል መካኒክ ደግሞ የራሱን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ከኮሌጁም በሁለቱ ወር ውስጥ አንድም አሠልጣኝ ብቅ አላለም።

ከዚያ በኋላ አልቀበልም ብዬ ቆየሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ሌላ አሠልጣኝ ነው፤ ደብዳቤውን ከመስጠቱ በፊት ግማሽ ቀን ጋራዡ ውስጥ ቆሞ ምን ዓይነት መኪና እንደሚመጣልኝና የትኛው ሥራ እንደሚበዛብኝ ሲጠይቀኝ ዋለ። ከዚያም አንድ ልጅ ብቻ ለአንድ ዓመት እንድወስድ፣ መርጬም እንድቀበል ሐሳብ አቀረበልኝ። ልጁን ከአንድ ነባር መካኒክ ጋር አጣመርሁት፤ ለመካኒኩም በየወሩ ጥቂት ጭማሪ አደረግሁለት። ይህ ጭማሪ ትንሽ ቢመስልም ነገሩን ሁሉ የቀየረው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ነባር ሠራተኛ ሙያውን የሚደብቀው ልጁ ነገ ቦታዬን ይወስድብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ነው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወጪ እንጂ ገቢ አልነበረም፤ በስድስተኛው ወር የፍሬን ሸራ ለብቻው ይቀይር፣ ፍሪሲዮን ሲወርድም ሁነኛ ረዳት ይሆን ጀመር። ስለዚህ ሁለት ወር ብቻ የሚቆይ ልጅ ለእኔ ኪሳራ ብቻ ነው፤ ጥቅሙ በሚጀምርበት ሰዓት ይሄዳልና። ካሠለጠንሁት በኋላ ሌላ ጋራዥ ይወስድብኛል የሚለው ፍርሃትም እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ደኅና ደመወዝ እንጂ አለማሠልጠን አይመስለኝም።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)

ብዙ አሠሪዎች የማያስተውሉትን ነገር ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ መልመጃ ውል ራሱን የቻለ ድንጋጌ አለው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ የሥልጠናውን ዓይነትና የሚቆይበትን ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ መያዝ አለበት፤ አሠሪው ከሥልጠናው ጋር ግንኙነት በሌለው ሥራ ላይ ተለማማጁን ማሠማራት አይችልም። መኪና ማሳጠቡና መላላኩ እንግዲህ ሕጉም የማይፈቅደው ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩም ተደንግጓል። አሠሪዎች ሕግ ሲነሣ የሚሸሹት ግዴታው ስለሚታያቸው ነው፤ እኔ ግን የጠራ ውል አሠሪውንም ከክርክር እንደሚጠብቀው አስረዳቸዋለሁ።

መልስ (ጀርመን አገር ነዋሪ)

እዚህ የመኪና ሜካትሮኒክስ ሙያ (የመኪናን መካኒካልና ኤሌክትሮኒክ ክፍሎች መጠገን) የተማርሁት በተለማማጅነት ነው፤ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት፣ የቀረውን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዝቅተኛው የተለማማጅ ክፍያ በሕግ ተወስኗል፤ በዚያው ዓመት ለሚጀምሩ በመጀመሪያው ዓመት በወር 515 ዩሮ ነበር። የሚከፍለውም አሠሪው ነው። ይሁንና በጀርመን እንኳ ተለማማጅ የሚቀበለው ከአምስት ድርጅቶች አንዱ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉንም ካላሳመንሁ ብለው ተስፋ አይቁረጡ። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ውሉን የሚመዘግበውና የመጨረሻውን ፈተና የሚሰጠው የባለሙያዎቹ ምክር ቤት መሆኑን ነው፤ ባለቤቶቹ ሥልጠናውን የራሳቸው ጉዳይ አድርገው የሚያዩት በዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በእኔ ልማድ በአንድ ቀን እስከ ስምንት ጋራዥ እዞር ነበር፤ ስሕተቴ አሁን ገብቶኛል። በሚቀጥለው ዙር ሦስት ጋራዦችን ብቻ መርጬ ውዬባቸው፣ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ልጅ ለዓመት እንዲወስዱ እጠይቃለሁ። የአዲስ አበባው ወንድሜ፣ የልጁን ትራንስፖርትና ምሳ የሸፈነው ማን ነበር? እኛ ዘንድ ብዙዎቹ የሚያቋርጡት በዚህ ነው።

የጋራዥ ባለቤት

ትራንስፖርቱን እኔ እሰጠው ነበር፤ ምሳውን ከሠራተኞቼ ጋር ይበላል። የሥራ ልብስና የደኅንነት ጫማ የገዛለት ኮሌጁ ነው። ከሦስተኛው ወር በኋላ በየሳምንቱ ትንሽ ገንዘብ ጀመርሁለት፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቀረም።