ፋይሉን ሳናይ በምን እንከራከር? ለጋራ ሐሳባችን ግብዓት

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልኝ። በወንጀል ተገኘ ተብሎ በሚወረስ ንብረት ላይ «የእኔም ድርሻ አለበት» የሚሉ ሰዎች፣ ዐቃቤ ሕግ እጅ ያለውን ሰነድ የሚያዩበት መንገድ ይበጅ ብለን እኛ ጠበቆች በጋራ ልንጠይቅ ነው። ምን ያህል እንጠይቅ?

የልደታው፦ ሁሉንም! አንዲት ደንበኛ አለችኝ፣ ቤቱ በባሏ ስም ነው። እንጀራ እየሸጠች የጣለችው እቁብ ደብተር ባልየው ሲያዝ ከመሳቢያው ወረቀት ጋር ተጠራርጎ ሄደ። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ግን ቤቱ በንጹሕ ብር መገዛቱን አስረጂ ስትባል ማስረጃው ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው። ለራሷ ደብተር ደጅ ትጠናለች እንግዲህ።

የቦሌዋ፦ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት አንቀጽ 145 አለልህ እኮ። ፍርድ ቤቱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ማስቀረብ ይችላል።

የልደታው፦ «ይችላል» ነዋ! ደግሞ ሰነዱ ለክርክሩ ምን እንደሚረባ በመሐላ አስረዳ ትባላለህ። ያላየሁትን ፋይል ምን ብዬ ነው የማስረዳው? ሕጉ የ1958 ነው፣ ያኔ እንዲህ ያለ ክርክር ማን አሰበው።

አንጋፋው፦ ልጆች፣ ሁሉንም ካላችሁ ምንም አታገኙም። ምርመራው ያላለቀ፣ ምስክር የሚያጋልጥ ወረቀት አለ፤ ዳኛውም ይፈራል። አሜሪካኖቹ እንኳ በወንጀል ሥነ ሥርዓታቸው ደንብ 32.2 ሦስተኛ ወገን (ያልተከሰሰ፣ ግን በንብረቱ መብት አለኝ የሚል ሰው) አቤቱታ ሲያቀርብ ሰነድ መለዋወጥን የሚፈቅዱት ዳኛው ፍሬ ነገሩን ለማጣራት ያስፈልጋል ካለ ነው። አቤቱታውም 30 ቀን ካለፈው አለቀለት። ስለዚህ በቅድሚያ የተያዙት ሰነዶች ዝርዝር ይሰጠን እንበል። ዝርዝሩን ያየ ሰው የሚፈልገውን ነጥሎ ይጠይቃል፣ ያኔ የ145 መሐላም አያስቸግርም። ምስጢር ነው የተባለውን ዳኛው ብቻውን አይቶ ይወስን።

የቦሌዋ፦ ጋሼ፣ እስማማለሁ። ግን ቀን ይቆረጥለት፤ አለበለዚያ «እየተዘጋጀ ነው» እየተባልን ንብረቱ በጨረታ ይሸጣል። ከተሸጠ በኋላ በዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 358፣ በክርክሩ ያልነበረ ሰው ፍርዱን የሚቃወምበትን መቃወሚያ ይዞ መሮጥ ጣጣው ብዙ ነው።

የልደታው፦ እሺ፣ «ሁሉንም» የሚለውን አወረድኩ። ከራሷ ከአቤቱታ አቅራቢዋ የተወሰደ ወረቀት ግን ዝርዝር ሳይጠበቅ ኮፒው ወዲያው ይሰጥ። በዚህ አልደራደርም።

አስተባባሪ፦ ጥሩ፣ እሱ ለብቻው ነጥብ ይሁን። የቦሌዋ፣ የቀኑን ነገር አንቺ ጻፊው። አንተ የደብተሩን ታሪክ ሴትየዋ እንዳትታወቅ አድርገህ ባጭሩ ላክልኝ፣ መግቢያው ላይ አስገባዋለሁ።