የልጆች ጋዜጣችን ከልጆቹ ጥያቄ ይጀምር (የዕቅድ ውይይት)

የፒያሳዋ እናት፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ስብሰባ ላይ ያነሳነውን የልጆች ጋዜጣ ፕሮፖዛል እዚሁ እንጨርሰው ብዬ ነው። ቅዳሜ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ነበርን፣ ንፍሮ ተጥዶ ልጄ «እማዬ እዚህ ለምን ቶሎ በሰለ? እኛ ቤትኮ ይቆያል» አለችኝ፣ ባቄላው ይሆናል አልኳትና ዝም አልኩ። ማታ ሳነብ ግን ለካ ከፍታውም አለበት፣ የኛ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ከፍ ሲባል የአየሩ ግፊት ይቀንስና ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ እኛ ጋ 92 አካባቢ እነሱ ጋ 94 አካባቢ። ስነግራት ክዳኑን ከፍታ አረፋውን ቆማ ስታየው ቆየች። ጋዜጣው እንደዚህ ቢሆን ነው የምለው፣ አንድ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ፣ መልሱ፣ ከዛ ቤት የሚሞከር ነገር። አንድ ኤ4 ሁለት ፊት ታትሞ ሲታጠፍ 4 ገጽ ይወጣዋል፣ በቃ። በ15 ቀን አንዴ።

የኮምቦልቻው አባት፦ በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው እህቴ ግን 15 ቀኑ ይከብዳል። እኔ ፈረቃ ነው የምሰራው፣ አምና ለልጆቼ በየሳምንቱ እጽፋለሁ ብዬ ጀምሬ 3ኛው ላይ ቆመ፣ ትንሹ እስካሁን «አባዬ አራተኛውስ?» ይለኛል ወላሂ አንጀቴን ነው የሚበላው። የማንዘልቀውን ቃል ለልጅ አንግባ፣ በወር አንዴ ይሁን፣ እሱም በተራ።

ጋሼ (ጡረተኛ መምህር)፦ በወር ይበቃል ልጆቼ። እኔ የምለው የመጀመሪያው ስለከተማችን ስም ይሁን። አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ በ1875 ዓ.ም ጅራታም ኮከብ አይተው ነው «ደሴ» ያሉት ይባላል፣ ደስታዬ ማለት ነው። ጅራቱ ሁሌም ከፀሐይ ወዲያ ነው የሚዘረጋው፣ ኮከቡ ከፀሐይ ሲርቅ ጅራቱ ይቀድመዋል፣ ይሄንን ክፍል ውስጥ ሳስተምር የማይገረም ልጅ አላየሁም።

የፒያሳዋ እናት፦ ጋሼ እሱ 2ኛው ይሁንልን በሞቴ፣ ንፍሮውን ልጆቹ እዛው ማድቤት ሰዓት ይዘው ያዩታል፣ ኮከቡን ግን ማሳየት አንችልም። እርስዎ ግን እያንዳንዱን ዕትም ከመታተሙ በፊት ቢያዩልን፣ ልጅ አንዴ የተሳሳተ ነገር ከያዘ ማስለቀቅ ከባድ ነው።

ጋሼ፦ አያለሁ። ፊደሉ ብቻ ደቀቅ አይበል፣ 2ኛ ክፍል ያለው ልጅ ብቻውን ማንበብ አለበት።

የሰኞ ገበያዋ፦ ኮፒውን እኔ ከሥራ ስወጣ አስደርጋለሁ። ቴሌግራም ላይ ብቻ አንልቀቀው እባካችሁ፣ ስልክ የሌለው ቤት አለ። የኔ ልጅ ደግሞ ቦርከና ወንዝ ባሕር ይገባል ወይ ይላል?

የኮምቦልቻው አባት፦ አይገባም፣ አዋሽ ውስጥ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ይሄንን 3ኛ አርጉት፣ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ቤታችንም ከወንዙ ሩቅ አይደለም ወስጄ አሳያቸዋለሁ።

የፒያሳዋ እናት፦ አብሽሩ፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ፕሮፖዛሉን ጽፌ እለጥፋለሁ። በወር አንዴ፣ ከ7 እስከ 12 ዓመት፣ ተራው ንፍሮ፣ ኮከብ፣ ቦርከና። የኮፒ ዋጋ ጠይቃችሁ እስከ ሐሙስ ንገሩኝ፣ የልጆቻችሁንም ጥያቄ እንዳሉት አድርጋችሁ ጻፉልኝ፣ አታስተካክሉት።