የጄኔራሉን ማዕረግ ማን ይመዝን፤ አለቃው ወይስ ጭፍራው?

ከደብረ ማርቆስ፦ ከፍተኛ የጦር ማዕረግ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ፕሬዚዳንቱ እንደሚሰጥ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ይናገራል። ክርክሩ ስሙ እዚያ ሳይደርስ ባለው ምዘና ላይ ነው። የአለቃ ሪፖርት ይበቃል ወይስ የበታቾቹም ቃል ይቆጠር?

ከፍኖተ ሰላም፦ የአለቃ ይበቃል። የበታቾች ቃል ማለት በኢሕአዴግ ጊዜ የነበረው ግምገማ እኮ ነው፤ ሥነ ሥርዓት ያስከበረው አዛዥ ላይ ቂም የቋጠረ ሁሉ ይነሣበታል፣ ለስላሳው ተመስግኖ ይወጣል።

ከባሕር ዳር፦ አያ፣ ያ በአደባባይ የሚደረግ ነው፤ እኔ የምለው ሌላ። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ2020 ለሻለቃ አዛዥነት የሚታጩትን ፎርት ኖክስ ወደሚባል የጦር ሰፈር ጠርቶ ለቀናት መፈተን ጀመረ፦ የሰውነት ብቃት፣ ጽሑፍ፣ መሰናክል በቡድን ማለፍ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥያቄ። የበታቾቹና እኩዮቹ አስቀድመው መጠይቅ ይሞላሉ። መጨረሻ ላይ ጠያቂዎቹና ተጠያቂው በመጋረጃ ተለይተው ይነጋገራሉ፤ ማን እንደሆነ ስለማያውቁ ዝናውም ዝምድናውም አይሠራም። ድሮ መራጩ ቦርድ የሚያየው የአለቃ ሪፖርት ያለበትን ፋይል ብቻ ነበር፣ ያውም ለአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ።

ከሞጣ፦ ፋይሉስ ቢሆን ይታመናል? ገደብ ካልተበጀለት አለቃ ሁሉ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይሞላል፣ ቦርዱ የሚለይበት ያጣል። አሜሪካኖቹ ለዚህ ብለው ከፍተኛው ገምጋሚ የላይኛውን ነጥብ ከሚሞላላቸው መኮንኖች ከግማሽ ላነሱት ብቻ እንዲሰጥ ደነገጉ። ያኔ ደግሞ ሌላ ዘዴ መጣ፤ ነጥቡ ቦርድ ፊት ሊቀርብ ለደረሰው ይቆጠባል፣ አዲስ መጪው የቱንም ያህል ቢሠራ መካከለኛ ይጻፍለታል። ችሎታ ሳይሆን ወረፋ ተመዘነ ማለት ነው።

ከቢቸና፦ በላይ ዘለቀስ? አምስት ዓመት ጣሊያንን ተዋግቶ ደጃዝማችነትና የቢቸና ግዛት ተሰጠው። የመዘነው ቤተ መንግሥት እንጂ ጭፍራው አይደለም።

ከደብረ ማርቆስ፦ እሱ የፖለቲካ ሹመት ነው፣ ለብቻው ይከፈት።

ከባሕር ዳር፦ እንግዲያው እንዲህ ይሁን፤ መጠይቁን የሚሞሉትን መኮንኑ ራሱ ሳይሆን የሰው ኃይል መምሪያ ይምረጥ። ከቀድሞ ምድቡም ይካተቱ፣ አሁን ከሥሩ ያለ ይፈራዋልና። በነጠላ መልስ ማንም አይውደቅ፤ በሁለት ምድብ የተደጋገመ ቅሬታ ብቻ ይመርመር።

ከፍኖተ ሰላም፦ ለሻለቃ ይሠራ ይሆናል። የብርጌድ አዛዥ ግን በቅርብ የሚያዛቸው የሻለቃ አዛዦችና ጥቂት የስታፍ ኃላፊዎች ናቸው። ከነዚያ መሃል ስም ቢደበቅ ማን ምን እንዳለ ካጻጻፉ ይታወቃል። ይሄን መልሱልኝና እስማማለሁ።