እማዬን ይዤ ሳንቶሪኒ፦ መርከቡ ዳር አይደርስም አሉ፣ ሹፌሩን በስንት ሰዓት ልቅጠረው?

የጣናው ልጅ (ባሕር ዳር)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ የቅንጦት ይመስላል፤ ግን ከምር ጨንቆኛል።

ካናዳ ያለችው ታላቅ እህቴ «እማዬ ዕድሜ ልኳን ለፍታለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብላ ባሕር ትይ» ብላ ለሦስታችን የመርከብ ጉዞ ከፈለች። ጉዞው ከመስቀል በኋላ ነው። ከአቴንሱ ወደብ ከፒሬየስ እንነሳለን። የግሪኳ ደሴት ሚኮኖስ፣ ቱርክ ውስጥ ኩሻዳሲ፣ ከዚያ ሌላዋ የግሪክ ደሴት ሳንቶሪኒ፣ በማግስቱ ጠዋት መልሶ ፒሬየስ። የቪዛው ጉዳይ አልቋል። ስለሱ አትጠይቁኝ፣ ያን ወረፋ ማስታወስ አልፈልግም።

ጭንቀቴ ሳንቶሪኒ ነው። መርከቡ ወደብ አይጠጋም አሉ። ባሕሩ መሃል ይቆምና ሰው በትንንሽ ጀልባ ይመላለሳል። «ቴንደር» ይሉታል። ፕሮግራሙ ከ7:00 እስከ 17:00 ይላል፤ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ከሰዓቱ 11 መሆኑ ነው። የመርከቡ የራሱ ጉብኝት በሦስት ሰው ሲባዛ ናላ ያዞራል። ስለዚህ በኢንተርኔት አንድ የደሴቱ ሹፌር አገኘሁ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከጀልባው መውረጃ ይቀበለናል። አክሮቲሪ የሚባለውን፣ በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብሮ የኖረውን የጥንት ከተማ እናያለን፣ ከዚያ ኦያ የምትባለው መንደር፣ ምሳ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መልሶ ጀልባው ጋ። ነገ ቀብድ ልልክለት ነው።

ወረቀት ላይ የተጻፈ የጀልባ ሰዓት አላምንም። አምና እንግዶች ይዤ ዘጌ ሄጄ ነበር። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን፣ ቡና ጠጥተን 8 ሰዓት ላይ እንመለሳለን ብለን ነው የወጣነው። ጣና ጠዋት መስታወት ነው፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ባለ ጀልባው ውሃውን አየና «ተቀመጡ» አለን። ተቀመጥን። ባሕር ዳር የገባነው ሊመሽ ሲል ነው፣ አንዷን እንግዳ አውሮፕላኗ ጥሏት ሄደ። ሳንቶሪኒ ላይ ጥሎን የሚሄደው ግን ሻንጣችንም መድኃኒታችንም ያለበት ቤታችን ነው።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ከጀልባው ወደ ከተማው ዳገቱን በአህያ የሚወጡ አሉ ብላት «የፍኖተ ሰላም ሰው ምን ይለኛል? በቅሎ ከሆነ እሺ» አለች።

እና 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል? መመለሻውስ?


ሞተር ክፍል (ዳንግላ)

ወንድሜ፣ ቀብዱን ነገ አትላክ።

ባሕር ዳር ማሪታይም ነው የተማርኩት። በጭነት መርከብ ጀምሬ ሁለት ኮንትራት የመንገደኛ መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። ነገሩን ከታች ከሞተሩ በኩል ስላየሁት ልንገርህ።

መርከቡ ይደርሳል የተባለበት ሰዓትና አንተ የምትወርድበት ሰዓት ለየቅል ናቸው። መጀመሪያ የወደቡ ሰዎች «ውረዱ» እስኪሉ ይጠበቃል። ከዚያ የመርከቡን ጉብኝት የገዙት ይወርዳሉ። ውድ ክፍል የያዙና ነባር ደንበኞችም ይቀድማሉ። አንተ አዳራሽ ገብተህ ቁጥር ትወስድና እስክትጠራ ትቀመጣለህ። በቃ ባንክ ቤት በለው። ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰው ይሳሳል፣ ያኔ ቁጥርም አይጠየቅም።

ደግሞ ሹፌሩ ጀልባው ጋ ሊቀበልህ አይችልም። ከመርከብ የሚወርድ ሰው የሚራገፍበት አሮጌው ወደብ የመኪና መንገድ የለውም። ገደል ነው። ላይ ፊራ ከተማ ለመድረስ ኬብል ካር (በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያወጣ ሳጥን) አለ፣ ከ580 በላይ ደረጃ አለ፣ እንስሳ አለ። መኪና የሚጠብቅህ ላይ፣ ኬብል ካሩ ከሚያወርድበት አጠገብ ነው። ሹፌሩ ይህን ካልነገረህ አንድ ያልተግባባችሁት ነገር አለ። መልእክቱን መልሰህ አንብበው።

ሰው ሁሉ ጀልባውን ነው የሚፈራው። ሳንቶሪኒ ላይ ማነቆው ኬብል ካሩ ነው። በአንድ ምልልስ 6 ሳጥን ይወጣል፣ በአንዱ ሳጥን 6 ሰው። 36 ሰው ማለት ነው። አንድ ጀልባ መቶ ሰው ብታራግፍ ሦስት ምልልስ ይበላል፣ ከኋላዋ ሌላ ጀልባ አለች፣ ከአጠገባችሁ ሌላ መርከብ አለ። ደሴቱ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በቀን የሚቀበለውን የመርከብ እንግዳ በ8,000 ገድቧል። 8,000 ሰው በዚያች ቀዳዳ ሲያልፍ አስበው። ጠዋት ሰልፉ ከታች ነው፣ ከሰዓት ደግሞ ከላይ ነው።

ስለዚህ ከኋላ ወደ ፊት ቁጠር። 11 ሰዓት መርከቡ የሚነሳበት ነው። የመጨረሻዋ ጀልባ ከደሴቱ የምትለቀው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድማ ነው። ትክክለኛው ሰዓት ማታ ክፍላችሁ በሚቀመጠው የማግስት ፕሮግራም ላይ አለ፣ ፎቶ አንሳው። 10 ሰዓት ነው እንበል። ለኬብል ካሩ ሰልፍ አንድ ሰዓት ተኩል ስጠው። 8 ተኩል ላይ ፊራ፣ ሰልፉ ጭራ ላይ ነህ። ከኦያ ፊራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ግን መንገዱ ጠባብ ነው፣ አንድ አውቶቡስ ሲያጥፍ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ከኦያ ተነስ። ጠዋት ደግሞ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ማንንም አትቅጠር።

አራት ሰዓት ቀረህ። አክሮቲሪ በደቡብ ጫፍ፣ ኦያ በሰሜን ጫፍ ነው። አንዱን ምረጥ።

ነፋስ ከበዛ ካፒቴኑ ጭራሽ «አንወርድም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የመርከቡን ጉብኝት የገዛ ብሩ ይመለስለታል። ያንተ ሹፌርስ? ቀብዱን ከመላክህ በፊት «መርከቡ ካልቆመ ትመልሳለህ ወይ» በለውና በጽሑፍ ያዝ።

ስለ እናትህ። የሚያስቸግረው ከመርከቡ ወደ ጀልባው መሻገሩ ነው። ከውሃው ከፍ ባለ የጎን በር በኩል ነው የሚወጣው። ጀልባዋ ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች። ሁለት መርከበኞች በግራና በቀኝ ቆመው ክንድ ይይዛሉ። እናትህም ክንዳቸውን ይያዙ፣ ጣታቸውን አይደለም። ጀልባዋ ከፍ ስትል «አሁን» ይሏቸዋል፣ ያኔ መርገጥ ነው። ቦርሳውን አንተ ያዝላቸው። ሁለት እጃቸው ባዶ ይሁን።

አንድ ጨዋታ ልጨምር። እዚያ መርከቡ ብዙ ጊዜ መልሕቅ እንኳ አይጥልም። ቦታው ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሰመጠ ጉድጓድ ስለሆነ ውሃው ለሰንሰለቱ ይጠልቃል። ቀኑን ሙሉ ሞተሩ እየሠራ ባለበት ይቆማል። ሰው ላይ ሆኖ ነጫጭ ቤት ፎቶ ያነሳል፣ እኛን ታች በ40 ዲግሪ ሙቀት ያልበናል። አራት ጊዜ ሳንቶሪኒ ሄጄ አንድ ቀን ብቻ ነው ያየሁት።


የቡሬዋ (አቴንስ)

ሞተር ክፍል ያለውን ሁሉ ስሙት። እኔ ስላልሰማሁ መርከቡ አመለጠኝ።

ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ነበርን። መርከባችን ማታውኑ ወደ ቀርጤስ ነበር የሚያልፈው። ታክሲው በሰዓቱ አደረሰን፣ የመጨረሻዋ ጀልባ ልትነሳ ሃምሳ ደቂቃ ቀርቷል። አይበቃም? ሰልፉ ከኬብል ካሩ በር ወጥቶ የሱቆቹን መንገድ ይዞ ታጥፏል። ሠላሳ ደቂቃ ቆመን ሃያ እርምጃ ሄድን። ከዚያ በደረጃው ሮጥን። ደረጃው ድንጋዩ በሰው እግር ሙልጭ ብሏል፣ እበቱ ደግሞ ያንሸራትታል፣ በቅሎዎቹ በመንጋ ይወጣሉ፣ ማሳለፍ ግድ ነው። ታች ስንደርስ ጀልባዋ ገመዷን ፈትታ ወደ ሃያ ሜትር ርቃለች። እጄን አውለበለብኩ። ተሳፋሪዎቹ መልሰው አውለበለቡልኝ! ሰላምታ መስሏቸው።

የመርከቡ ሰዎች ክፍላችንን ከፍተው ፓስፖርታችንን በፖስታ አድርገው ለወደቡ ወኪል ትተውልን ነበር። ለዚህ አመሰግናለሁ። አንድ ሌሊት ሆቴል፣ በማግስቱ አቲኒዮስ ከሚባለው የደሴቱ ሌላ ወደብ በፈጣን ጀልባ ቀርጤስ። ሁሉም በራሳችን ኪስ። በመርከቡ ጉብኝት ወጥተን ቢሆን ኖሮ ይጠብቁን ነበር፣ ካልሆነም በራሳቸው ወጪ ያደርሱን ነበር።

ወንድሜ፣ ያንተ መርከብ ከሳንቶሪኒ ቀጥሎ ፒሬየስ መሆኑ ዕድል ነው። ብታመልጡት እዚያው ግሪክ ናችሁ፣ አቴንስ ትመጣላችሁ፣ ሽሮ እሠራላችኋለሁ። ቀጣዩ ወደብ ቱርክ ቢሆን ኖሮ ግን በእኛ ፓስፖርት ሌላ ጣጣ ነበር።

ለእናታችን ደግሞ በቅሎ መሆናቸው እውነት ነው፣ አህያም አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከ100 ኪሎ በላይ አይጫንባቸውም። ግን ባይቀመጡበት ይሻላል፤ በቅሎዋ ዳር ዳሩን ነው የምትሄደው።


አያ ታንኳ (ዘጌ)

ሁላችሁም ስለ ሰዓት ታወራላችሁ። ጀልባ የሚሄደው ሰዓት ሲሞላ ሳይሆን ሰው ሲሞላ ነው። ዘጌም ያው፣ ግሪክም ያው። ደግሞ አምና ያስቀመጥኳችሁ እኔ ብሆንስ? በዚያ ነፋስ ብወስዳችሁ ዛሬ ይህን አትጽፍም ነበር።


የጣናው ልጅ

አያ፣ እርስዎ ከሆኑ ይቅርታ፣ ከሆኑም እግዜር ይስጥልኝ።

ሞተር ክፍል፣ መልእክቱን መልሼ አነበብኩት። ጉድ ነው። ለሹፌሩ የጻፍኩለት «1:30» ብዬ ነው! በእኛ አቆጣጠር። እሱ ደግሞ ከሰዓት 7 ተኩል ነው የተረዳው። መመለሻውን «10:30» ስለው «የማታ መርከብ ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ ቀልድ መስሎኝ በሳቅ ምልክት ነው የመለስኩለት። እህቴ ሰምታ እስካሁን ትስቃለች።


ሞተር ክፍል (ዳንግላ)

አልኩህ! ለፈረንጅ ስትጽፍ 9:30 በልና «ጠዋት» ጨምርበት። ደግነቱ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ የግሪክ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ ቱርክም አንድ ነው። የእናትህን ሰዓት ማንም እንዳይነካው። እሳቸው 8 ሰዓት ተኩል ሲሉ 8 ሰዓት ተኩል ነው፣ ሰልፍ ላይ ነህ።


የጣናው ልጅ

ተመለስን። ቃል በገባሁት መሠረት ልጻፍ።

ቁጥራችን 14 ነበር፣ የተጠራነው 3 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። እማዬ ጀልባው በር ላይ ቆም አለች። መርከበኛው ክንዷን ይዞ በእንግሊዝኛ ቆጠረላት፣ እሷ «በስመ አብ» ብላ ረገጠች። ከቁጥሩ ጋር ገጠመ። ኬብል ካር ላይ ዓይኗን ጨፍና ነው የወጣችው። ሹፌሩ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስሜን በወረቀት ጽፎ ቆሟል። አክሮቲሪን ተውነው። ኦያ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ እማዬ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ የምትጠብቀው ሴትዮ ምን እንደምትላት ጠፋት። በመጨረሻ ሁለቱም ተሳሳሙ። ጧፍ በራልን፣ ቡና ጠጣን፣ የቡናው ዋጋ ይቆየን።

7 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ ስል እህቴ ተቆጣች፣ «ገና ምሳ አልበላንም» አለች። ፊራ ስንደርስ ሰልፉን አይታ ዝም አለች። ሃምሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። የመጨረሻዋ ጀልባ 10 ሰዓት ነበረች፣ እኛ ከ9 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ጀልባ ውስጥ ነን። አልሄደችም፣ ሰው እስኪሞላ ትጠብቃለች። አያ፣ እርስዎን አስታወስን።

እንደተቀመጥን ሽቅብ ስናይ አንዲት ልጅ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በበቅሎዎቹ መሃል እየተሹለከለከች ደረጃውን በሩጫ ትወርዳለች። እማዬ ክርኔን ጎነጥ አደረገችኝና «አንተ፣ ያቺ የቡሬዋ ልጅ አይደለችም?» አለች።