የአሸንዳ ተክሎቼ ከሥራቸው እየበሰበሱ ነው፤ ምክራችሁን እሻለሁ

አሸንዳ ስል የነሐሴውን የልጃገረዶች በዓል ሳይሆን፣ ሳይንሳዊ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ የሆነውን፣ በተፈጥሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውንና በባሌ ተራሮች እርጥብ ሜዳዎች ላይ ቢጫና ብርቱካንማ አበባውን እንደ ችቦ ቀጥ አድርጎ የሚያወጣውን ተክል ማለቴ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ደብረ ብርሃን የሚኖሩት አክስቴ ከጓሯቸው ከፍለው የሰጡኝን ሦስት ሥሮች አዲስ አበባ በሚገኘው ግቢዬ ተከልኩ። የመጀመሪያውን ዓመት ለምለም ሆነው ከረሙ። በዘንድሮው ክረምት ግን ቅጠሎቻቸው ከታች ጀምረው ቢጫ ሆኑ፤ አንደኛው ሳብ ሳደርገው በቀላሉ ተነቅሎ ወጣ፤ ሥሩም ቡናማና ልፍስፍስ ሆኖ አገኘሁት። የቀሩት ሁለቱ እስካሁን አንድም አበባ አላወጡም።

የግቢዬ አፈር በክረምት ውሃ የሚያቁር፣ በበጋ ደግሞ የሚሰነጠቅ ዋልካ ነው። ተክሉ እርጥበት ወዳድ ነው በማለት በበጋ በየቀኑ አጠጣው ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን በተራራ ላይ ውሃው በተዳፋቱ ይወርዳል እንጂ ሥሩ ላይ አይተኛም። አክስቴ የሰጡኝ አደራ በመሆናቸው የተረፉትን ማጣት አልፈልግም።

እነዚህን ሁለት ተክሎች አሁን በጥቅምት ነቅዬ፣ የበሰበሰውን ቆርጬ፣ አሸዋና የበሰለ ፍግ በተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ብተክላቸው ይሻላል ወይስ እስከሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ሳልነካቸው ልቆይ? በአዲስ አበባ አሸንዳን አሳድጎ ለአበባ ያበቃ ሰው ካለ፣ በበጋ በስንት ቀን ልዩነት ያጠጣው እንደነበር ቢገልጽልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።