ከታጠበ በኋላ የሚኮማተር የእጅ ሽመና፦ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ሽመና ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሦስት የአንገት ልብስ ሠርቼ ነበር። ድሩ (በርዝመት የሚዘረጋው ክር) የፋብሪካ ጥጥ ነው፣ ማጉ (በወርድ የሚወረወረው) ደግሞ በእጅ የተፈተለ። በየ10 ሳንቲሙ በሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ጥለት ጣል አድርጌበታለሁ። ከሽመና ዕቃው ሲወርዱ 180 በ45 ሳንቲም ነበሩ፣ ቀጥ ያሉ። ለብ ባለ ውኃ ሳጥባቸው ግን ሁለቱ ወደ 158 ወረዱ። ወርዳቸው ጥለቱ ያለበት ቦታ 45 እንደሆነ ቀረ፣ መሃል መሃሉ 39 ሆነ። ዳርና ዳሩ እንደ ማዕበል ይወጣል ይገባል።

ሦስተኛው ላይ ጥለት አልነበረበትም፣ ማጉንም ሌላ ሴት ናት የፈተለችልኝ። እሱ ከላይ እስከ ታች እንደ ዛፍ ቅርፊት ተሸበሸበ። እውነቱን ለመናገር በጣም ወደድኩት! ሁለቱን እንዴት ላድን? ሦስተኛውንስ እንዴት ልድገመው?

መልስ፣ ከሽሮሜዳ ሸማኔ

ልጄ፣ ጥጡ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። የሚያብረቀርቀው ክር አይሰበሰብም። አንድ ጨርቅ ላይ አንዱ ሲጠብ ሌላው ባለበት ከቀረ፣ የቀረው የግድ ይነፋል። ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም።

ለሚቀጥለው፣ የጥጡን ክር ከማድራትሽ በፊት ላላ አድርገሽ ጠቅልለሽ ሙቅ ውኃ ውስጥ አሳድሪውና አድርቂው። አብዛኛውን መሰብሰብ እዚያው ይጨርሳል። ማጉንም ስትወረውሪ ጥብቅ አድርገሽ አትሳቢ። እንደ ቀስት ጎበጥ ብሎ ይተኛ፣ ከዚያ ምቺው። ጀማሪ ሁሉ ዳሩ እንዲያምርለት ማጉን ይስባል፤ ከታጠበ በኋላ ዋጋውን ያገኛል።

የታጠቡትን አርጥበሽ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጊ። መሃሉን ቀስ እያልሽ ወደ 42 ሳቢና በመርፌ ቁልፍ ያዢው። እንዲሁ ይድረቅ። ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ግን ይለበሳል። ጋለ ያለ ካውያ ጥለቱ ላይ እንዳታሳርፊ፣ ይቀልጣል።

መልስ፣ ከፈትል አዋቂ እናት

የሦስተኛው ምስጢር ክረቱ ነው፣ ክሩ ሲፈተል የተጠማዘዘው መጠን ማለቴ ነው፣ የእኔ ልጅ። ያቺ ሴት አክርራ ነው የፈተለችው። ፈትሉን አንድ ክንድ ያህል ሳቢና ሁለቱን ጫፍ አቀራርቢ። ላላ ሲል ራሱ ላይ ከተጠማዘዘ የከረረ ነው። ዝም ብሎ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ለስላሳ ነው።

የከረረ ክር ሲርስ ያብጥና ክረቱን ሊፈታ ይታገላል። ጨርቁ ይዞታል፣ ስለዚህ ይጠመዘዛል፣ ጨርቁንም አብሮ ይጎትታል። ሽብሽቡ ወደ ርዝመት የሄደው የከረረው ማጉ ስለሆነ ነው። ጥቅጥቅ አድርገሽ ከመታሽው ግን መንቀሳቀሻ ያጣና ምንም አይሆንም። ሳሳ ይበል።

እንዝርቱ የዞረበት አቅጣጫም አለ። ማጉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የከረረ ከሆነ ረጃጅም ሽብሽብ ይሰጥሻል። ሁለት ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ግራ የከረረ እያፈራረቅሽ ብትወረውሪ ደግሞ ጨርቁ በሙሉ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ ሆኖ ይሻክራል። ክሬፕ የሚባለው ጨርቅ የሚሠራው በዚህ መላ ነው።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

እህቴ፣ ያለ ከረረ ክርም ይቻላል። ድሩን በየመስመሩ ለሁለት ክፈይ። አንዱን ወጥረሽ፣ ሌላውን ላላ አድርገሽ ለየብቻ እሰሪ። የላላው መስመር ይኮማተራል፣ የተወጠረው ለጥ ብሎ ይቀራል። ሲርሳከር የሚባለው ጨርቅ ይህ ነው። ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ነው፣ «ወተትና ስኳር» ማለት፤ አንዱ መስመር ልስልስ፣ አንዱ ሻካራ ስለሆነ። እኔ ስሙን ካወቅሁ ወዲህ ጨርቁን ስነካ ሁሌ ትዝ ይለኛል።

ልዩነቱን ያዢው፦ የሲርሳከር ሽብሽብ በካውያ አይጠፋም። የከረረ ማግ ሽብሽብ ግን ስትተኩሺው ይዘረጋል፣ ስታርሺው ደግሞ ይመለሳል። ለገዢ ንገሪ።

መልስ፣ ከልብስ ሰፊ

እባካችሁ ሸማዋን ሳትታጠብ አትቁረጧት! ያልታጠበ ሸማ ቀሚስ አድርጌ ሰጥቼ ደንበኛዬ ስታጥበው ታችኛው ጥለት ተንጨፍርሮ መጣች። ገንዘቧን መለስኩ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ አጥባለሁ፣ ከዚያ እለካለሁ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ፈትሉን ፈተሽኩት፣ እጄ ላይ እንደ እባብ ተጠመጠመ። 30 በ30 የሆነ ናሙና አሳስቼ ሠራሁ። ውኃ ውስጥ ስከተው ዓይኔ እያየ ተሰበሰበ። ሲደርቅ ወርዱ 21 ሆነ፣ ርዝመቱ ብዙም አልተነካም። ጋሼ፣ የሚለበሰው ስፋት 45 እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። ስንት ልዘርጋ?

ከሽሮሜዳ ሸማኔ

ከ30ው 9 ከሄደብሽ፣ ከመቶ 30 እጅ ሄደ ማለት ነው። 65 ዘርጊ። ድሩንም በናሙናው ልክ አራርቂው፣ እንዳታጠብቂው። ፈትሉ ግን የዚያችው ሴት ይሁን። የሌላ ሰው እጅ ከሆነ እንደገና ናሙና ሥሪ።