ከከተማ አስተዳደር ጋር የሚሠራ ንዑስ ተቋራጭ ሠራተኛ ሲቀጥር ምን ግዴታ አለበት?

ጠያቂ፦ የጽዳት ድርጅት ባለቤት (ዋሽንግተን ዲሲ)

ጤና ይስጥልኝ። ዲሲ ውስጥ አነስተኛ የጽዳት ድርጅት አለኝ። ከከተማው አስተዳደር ጋር ውል ባለው አንድ ዋና ተቋራጭ ሥር ገብቼ የቢሮ ሕንፃዎችን የማታ ጽዳት ልይዝ ነው፤ የእኔ ድርሻ ከ300,000 ዶላር ያልፋል። እንድፈርማቸው ከተላኩልኝ ወረቀቶች አንዱ «ፈርስት ሶርስ» የሚባለው ስምምነት ሲሆን፣ ሌላው በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገርና በመሳሰሉት ሳላዳላ እንደምቀጥር ቃል የምገባበት ነው። እስካሁን ሠራተኛ ያገኘሁት በሰው በሰው ወይም በደብራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ በለጠፍኩት ወረቀት በመሆኑ ሁሉም ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አብዛኞቹም ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። እኛ ራሳችን ጥቁሮችና ስደተኞች ስለሆንን የአድልዎ ሕግ አይመለከተንም የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው? የነባር ሠራተኞቼስ ጉዳይ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ በውል ክትትል ሥራ ላይ ያለች

ሕጉ አይመለከታችሁም ያሉዎት ሰዎች ተሳስተዋል። የ1977ቱ የዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ሕግ ቀጣሪው ማን እንደሆነ አይለይም፤ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለውንም ድርጅት ይይዛል።

ሁለቱ ወረቀቶች የሚጠይቁት ግን የተለያየ ነገር ስለሆነ አይቀላቅሏቸው። ፈርስት ሶርስ ከ1984 ጀምሮ ያለ ሕግ ሲሆን፣ በእርስዎ ዓይነት ውል ለሥራው አዲስ ከሚቀጠሩት ውስጥ 51 በመቶው የዲሲ ነዋሪዎች እንዲሆኑና ክፍት የሥራ ቦታም በቅድሚያ ለከተማው የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት እንዲገለጽ ያዛል። የሚያየው አድራሻን እንጂ ትውልድን አይደለም። በ9ኛው ጎዳና አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይቆጠርልዎታል፤ የሲልቨር ስፕሪንጉ የሜሪላንድ ነዋሪ ስለሆነ አይቆጠርልዎትም። ቁጥሩ የሚሰላው በአዲስ ቅጥር ላይ በመሆኑ ነባር ሠራተኞችዎን እንዲያሰናብቱ የሚያስገድድዎ ነገር የለም። ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆኑ የግንባታ ሥራዎች ስሌቱ በሥራ ሰዓት ነው፤ ያ ግን እርስዎን አይነካም። ስምምነቱን ሆን ብሎ የጣሰ ከውሉ የጉልበት ወጪ እስከ 5 በመቶ ሊቀጣ ስለሚችል፣ የእያንዳንዱን አዲስ ሠራተኛ የአድራሻ ማስረጃ ሲቀጥሩ ተቀብለው ፋይል ያድርጉ።

ሁለተኛው ወረቀት መሠረቱ ከንቲባ ማሪዮን ባሪ በ1985 ያወጡት 85-85 የተባለው ትእዛዝ ነው። ይህኛው የሚጠይቀው ሰዉን እንዴት እንደመረጡት ነው። በሥራ ማስታወቂያዎ ላይ ብቁ የሆነ አመልካች ሁሉ ያለ አድልዎ እንደሚታይ መግለጽ፣ ሠራተኞች በሚያዩት ቦታ ማሳወቂያውን መለጠፍ፣ መርማሪ ሲመጣ መዝገብ ማሳየት፣ ከእርስዎም በታች ሌላ ተቋራጭ ካስገቡ ይህንኑ አንቀጽ በእሱ ውል ውስጥ ማስገባት ግዴታ ነው። በደብሩ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ ሌላ ማስታወቂያ ከሌለዎት ነው፤ ሌላው ሰው ሥራ መኖሩን የሚሰማበት መንገድ ስለማይኖር፣ አንድም ሰው ባይከለክሉ እንኳ የቅጥር መዝገብዎ ለብቻው ያስጠይቅዎታል። ማስታወቂያውን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽም አውጡት፤ ያልተቀጠሩ ሰዎችን ማመልከቻም አትጣሉ።

መልስ፦ የቀድሞ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ

እህታችን በደንብ አስረድታለች፤ እኔ ከሠራተኛው ወገን ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። ቀድሞ የሠራሁበት ድርጅት አለቃ የእኛው አገር ሰው ነበር፤ ቡድኑ በአማርኛ ስለሚግባባ ከአንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት ጋር አብሮ መሥራት ያስቸግራል ብሎ መለሳት። ወለል ለመወልወልና ቆሻሻ ለማውጣት አማርኛ ምን እንደሚያደርግ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቋንቋን መስፈርት ማድረግ የሚቻለው ሥራው በእርግጥ ሲጠይቀው ነው፤ እኛም ያለ ምክንያት «እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር» እየተባልን ስንመለስ የምንከራከረው በዚሁ ነው። የተበደለ ሰው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ለዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ያለ ክፍያና ያለ ጠበቃ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አስተርጓሚ የማግኘት መብት ስላለው፣ እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብሎ የሚተወው አይኖርም።

መልስ፦ ተጠራጣሪ

ይህ ሁሉ በጥር 2025 ቀርቷል ብዬ ነበር የማስበው። ፕሬዚዳንቱ የተቋራጮችን የእኩል ዕድል ትእዛዝ ሽረውት የለም እንዴ? ለትንሽ ድርጅት ደግሞ የወረቀቱ ብዛት ከጽዳቱ ይከብዳል።

መልስ፦ በውል ክትትል ሥራ ላይ ያለች

የተሻረው ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ያወጡት 11246 ቁጥር ትእዛዝ ነው፤ እሱም የሚመለከተው ከፌዴራል መንግሥት ጋር የሚዋዋሉትን ነበር። የዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ሕግ በከተማው ምክር ቤት የወጣ ስለሆነ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሻርም፤ አድልዎን የሚከለክለው የ1964ቱ የፌዴራል ሕግም እንዳለ ነው። ሥራው በከፊል በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ከሆነ ግን ከመፈረም በፊት ውሉን ለጠበቃ ማሳየት ተገቢ ነው። የወረቀቱን ብዛት በተመለከተ አልከራከርዎትም። ትልልቆቹ ለዚህ ብቻ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፤ ትንሹ ሌሊት ተቀምጦ ራሱ ይሞላል።

ጠያቂ፦ የጽዳት ድርጅት ባለቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። አንድ ቀረኝ፦ ከኢንተርኔት ያወረድኩት የማመልከቻ ቅጽ «በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል?» የሚል ጥያቄ አለው። ሠራተኞቼ 14 ናቸው። ጥያቄውን ልተወው?

መልስ፦ በውል ክትትል ሥራ ላይ ያለች

ከአሥር ሠራተኛ በላይ ስላለዎት ይሰርዙት። በ2014ቱ የዲሲ ሕግ መሠረት ይህን መጠየቅ የሚችሉት በቅድመ ሁኔታ የቅጥር ጥሪ ካቀረቡለት በኋላ ነው፤ ከዚያም ጥሪውን ለማንሳት ጥፋቱ ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት፣ ያለፈውን ጊዜና ሰውየው በወቅቱ የነበረውን ዕድሜ መመዘን ይኖርብዎታል። ቅጹ ላይ የጋብቻ ሁኔታና የትውልድ ቦታ የሚሉ ሣጥኖችም ካሉ አብረው ያውጧቸው።